እንዶዱ እዚህ፣ ተመራማሪው የት?

መርካቶ ገብታችሁ እንዶድ ብትጠይቁ ለነጠላ ማጠቢያ ይመስላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 ግን ገና ዶክትሬታቸውን ይዘው ከአሜሪካ የተመለሱት አክሊሉ ለማ፣ ዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያ የሚዛመተው በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች ነው።

በ1966 ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ፤ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አገኙ።

ዛሬ ዶክትሬቱን የጨረሰ ልጃችን የድኅረ ዶክትሬት ምርምር ሲያስብ ዓይኑ ቦሌ ላይ ነው። አይፈረድበትም፤ ደመወዙም ላቦራቶሪውም ያለው ውጭ ነው። ግን ባልቲሞር የተቀመጠ ሰው የዓድዋን ወንዝ አያይም። እዚሁ ደመወዝ ያለው የምርምር ቦታ ካልከፈትንለት፣ የሚቀጥለው እንዶድ መርካቶ በጆንያ እንደተቀመጠ ይቀራል።