ለጦር ተጠርጎ ለመንገደኛ የተረፈው ጎዳና፦ የአላስካ አውራ መንገድ ታሪክ

በሰሜን አሜሪካ ወደ ሩቁ ሰሜን በመኪና የሚጓዝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚከተለው የአላስካ አውራ መንገድ፣ በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ከምትገኘው ከዶውሰን ክሪክ ተነሥቶ የዩኮንን ግዛት አቋርጦ አላስካ ውስጥ ዴልታ ጃንክሽን ላይ የሚያበቃ፣ መጀመሪያ ሲጠረግ ከ2,200 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት የነበረው መንገድ ነው። አቅጣጫውን በካርታ ላይ ለሚመረምር ሰው ከባሕሩ ጠረፍም ሆነ ቀደም ብለው ከተቆረቆሩት የጠረፍ ከተሞች መራቁ እንግዳ ይሆንበታል፤ ነገሩ ግልጽ የሚሆነው መንገዱ የተቀየሰው ለተሽከርካሪ ሳይሆን ለአውሮፕላን ተብሎ መሆኑ ሲታወቅ ነው።

አሜሪካ በ1867 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አላስካን ከሩሲያ በ7.2 ሚሊዮን ዶላር ከገዛች በኋላ፣ ግዛቲቱን ከቀረው የአገሪቱ ክፍል ጋር የሚያገናኝ የየብስ መንገድ ሳይኖር ከሰባ ዓመት በላይ አልፏል። በ1896 በክሎንዳይክ ወርቅ ተገኝቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወደ ዩኮን በጎረፈ ጊዜ እንኳ፣ ፈላጊው በመርከብ እስከ ጠረፍ መጥቶ ተራራውን በእግሩ መውጣት ነበረበት፤ በተራራው መተላለፊያ ላይ የቆመው የካናዳ ፖሊስም የአንድ ዓመት ስንቅ ያልያዘውን አያሳልፍም ነበር። በ1930ዎቹ መንገድ ይሠራ የሚለው ሐሳብ ሲነሣ፣ የአላስካና የምዕራብ ጠረፍ ሰዎች በባሕሩ አቅራቢያ ይለፍልን ሲሉ፣ የመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ ሰዎች ደግሞ ወደ ውስጥ ገባ ይበል እያሉ ተከራከሩ።

ክርክሩን የቆረጠው ጃፓን በዲሴምበር 1941 ፐርል ሃርበርን መምታቷ ነው። ካናዳ ከዚያ በፊት ከፎርት ሴንት ጆን እስከ ፎርት ኔልሰን፣ ዋትሰን ሌክና ኋይትሆርስ ድረስ ተከታታይ የአውሮፕላን ማረፊያዎችን ማሰናዳት ጀምራ ስለነበር፣ የአሜሪካ ጦር እነዚህን ማረፊያዎች የሚያያይዘውን፣ ነዳጅና ዕቃ ለማድረስ የሚያመቸውን መስመር መረጠ። ሁለቱ አገሮች ባደረጉት ስምምነት መሠረት አሜሪካ ወጪውን ስትሸፍን ካናዳ መሬቱን ሰጠች፤ ጦርነቱ ካበቃ ከስድስት ወር በኋላም የካናዳው ክፍል ለባለቤቱ ሊመለስ ተወሰነ።

ሥራው በማርች 1942 ተጀመረ። ሰባት የመሐንዲስ ሬጅመንቶች፣ ማለትም ለመንገድና ለድልድይ ሥራ የተደራጁ ከ10,000 በላይ ወታደሮች፣ ከተለያየ ጫፍ ተነሥተው ደኑን እየጣሉ ይገናኙ ዘንድ ተሰማሩ። ከሁሉ በላይ ያስቸገራቸው ፐርማፍሮስት፣ ማለትም ቢያንስ ለሁለት ተከታታይ ዓመታት ሳይቀልጥ በረዶ እንደሆነ የሚቆይ መሬት ነበር። መሐንዲሶቹ እንደ ለመዱት የላዩን ዕፅዋትና አፈር በቡልዶዘር ገፈው ሲጥሉ፣ በረዶው ከፀሐይ የሚጋርደውን ልባስ አጥቶ ይቀልጥና መሣሪያው እስከ ወገቡ ይሰምጥ ነበር፤ ብዙ ቀን ከባከነ በኋላ ግን መሬቱን ሳይነኩ ቅጠልና ግንድ አግድም ደርድረው፣ በዚያ ላይ አፈር መከመር ጀመሩ። ይህ ጥንታዊ ዘዴ ከማሽኑ የተሻለ ሆኖ መገኘቱ በወቅቱ የነበሩትን መሐንዲሶች ኩራት ሳይነካ አልቀረም።

ከሰባቱ ሬጅመንቶች ሦስቱ፣ 93ኛው፣ 95ኛውና 97ኛው፣ በዘር ተነጣጥሎ ከተደራጀው የጊዜው ጦር የተውጣጡ የጥቁር አሜሪካውያን ሬጅመንቶች ሲሆኑ ከሠራተኛው ሦስት አንድ እጅ ያህሉን ይይዙ ነበር። የአላስካው አዛዥ ጄኔራል ሳይመን ቦሊቫር በክነር እነዚህ ሰዎች ከጦርነቱ በኋላ እዚያው ቀርተው ከነባሩ ሕዝብ ጋር ይጋባሉ በሚል ስጋት ከሰፈሮች እንዲርቁ ይፈልጉ ነበር፤ 95ኛው ሬጅመንት ደግሞ ከባድ መሣሪያው ለነጭ ሬጅመንት ተሰጥቶበት በአካፋና በመጥረቢያ ይሠራ ነበር። ይህም ሆኖ የ95ኛው ወታደሮች በሲካኒ ቺፍ ወንዝ ላይ የእንጨት ድልድይ ከአራት ቀን ባነሰ ጊዜ አቆሙ። በኦክቶበር 25 ቀን 1942 ከሰሜን የመጣው 97ኛውና ከደቡብ የመጣው ነጩ 18ኛ ሬጅመንት በቢቨር ክሪክ አካባቢ ሲገናኙ መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተያያዘ፤ በኖቬምበር 20ም በክሉዋኒ ሐይቅ ዳር ተመረቀ።

መንገዱ ለነባሩ ሕዝብ ዕዳም ይዞ መጣ። ለቀያሾቹ መንገድ የመሩት የአካባቢው ሰዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ከወታደሩ ጋር አብሮ የገባው ወረርሽኝ እንደ ቴስሊን ያሉትን መንደሮች ክፉኛ መታ። በ1943 በክሉዋኒ አካባቢ የተከለለው የዱር እንስሳት መጠበቂያ ደግሞ በአባቶቻቸው መሬት ላይ ማደንን ከለከላቸው።

የተጣደፈው ጥርጊያ ለጦር መኪና እንጂ ለሌላ አልበጀም፤ በ1943 የጸደይ ጎርፍ ድልድዮቹን ስለጠራረገ ሲቪል ተቋራጮች ብዙውን ክፍል እንደ አዲስ ሠሩት። ጦርነቱም እስከዚያ ድረስ ወደ ደቡብ ርቆ ነበር። ካናዳ በኤፕሪል 1946 ድርሻዋን ተረከበች፤ መንገዱ ለተራው ተጓዥ ያለ ልዩ ፈቃድ የተለቀቀው ግን በ1948 ነው። በ1949 ማይልፖስት የተባለው የመንገድ መመሪያ መታተም ጀመረ፤ ቦታዎች ከዶውሰን ክሪክ ባላቸው የማይል ርቀት ስለሚጠሩ፣ መንገዱ እየተቃና እያጠረ ከሄደም በኋላ ብዙ ማደሪያዎች የጥንቱን ቁጥር አልተዉም።

ወደ ሩቁ ሰሜን የሚመራ ቢሆንም አውራ መንገዱ ራሱ የአርክቲክን ክበብ አይሻገርም። አላስካ ውስጥ ከፌርባንክስ ከተማ በስተ ሰሜን ክበቡን አልፎ እስከ ዴድሆርስ የሚዘልቀው የዳልተን መንገድ በ1974 ለነዳጅ ቧንቧ ሥራ ተጠረገ፤ እስከ ጫፉ ድረስ ለሕዝብ የተከፈተውም ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1994 ነበር።