የቬትናም እሳት በሎንዶን መድረክ

እ.ኤ.አ. በ1966 ቬትናም ስትነድ ብሪታንያ ጦር አልላከችም። የጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ዊልሰን መንግሥት ወታደር ይከልክል እንጂ አሜሪካን በአፍ መደገፉን አልተወም። ሕዝቡም ጦርነቱን የሚያየው ራቱን እየበላ በቴሌቪዥን ነበር። አዘጋጁ ፒተር ብሩክና የሮያል ሼክስፒር ኩባንያ ተዋንያን ይህን ራት ሊያመርሩበት ተነሡ።

በዚያው ዓመት ጥቅምት በኦልድዊች ቴአትር የታየው «ዩኤስ» የዚህ ውጤት ነው። ስሙ በእንግሊዝኛ አሜሪካንም «እኛን»ም ያሰኛል። ደራሲው ማን ነው ለሚል አንድ ስም ጠርቶ መገላገል አይቻልም። ቃለ ተውኔቱን ዴኒስ ካናን፣ የዘፈኖቹን ግጥም ኤድሪያን ሚቸል፣ ዜማውን ሪቻርድ ፒስሊ፣ የመድረኩን ንድፍ ሳሊ ጃኮብስ ሠሩ። ተዋንያኑ ደግሞ ለወራት እያነበቡ፣ እየተከራከሩ፣ ያለ ጽሑፍ እየሞከሩ ትዕይንቶችን ፈጠሩ። ፖላንዳዊው የቴአትር አዘጋጅ ዬርዢ ግሮቶቭስኪም መጥቶ አሠለጠናቸው።

ከአንድ ዓመት በፊት ኖርማን ሞሪሰን የተባለ አሜሪካዊ ጦርነቱን በመቃወም በፔንታጎን ደጃፍ ራሱን አቃጥሎ ነበር። በተውኔቱ ሁለተኛ ክፍል አንድ እንግሊዛዊ የእሱን መንገድ ሊከተል ይዘጋጃል፤ ግሌንዳ ጃክሰን የምትጫወታት ሴት ትሞግተዋለች። ክርክሩ ሲከር ጦርነቱ እዚሁ፣ እንግሊዞች ከርክመው በሚንከባከቡት ሣር ላይ ቢመጣ ብላ ትመኛለች።

ያኔ ተውኔት ሁሉ በሎርድ ቻምበርሌን ሳንሱር ያልፍ ነበር። ሹሙ ሎርድ ኮቦልድ ወዳጅ አገር ይቀየማል ብለው ሰጉ፤ ፈቃዱ ግን ተገኘ። ሳንሱሩም በ1968 በሕግ ቀረ።

መጨረሻው ነው ያነጋገረው። ሕይወት ያላቸው ቢራቢሮዎች ከሣጥን ይለቀቃሉ፤ ከዚያ አንዷ በእሳት ትያያዛለች (እሷስ የወረቀት ነበረች)። ተዋንያኑም ተመልካቹን እያዩ ዝም ብለው ይቆማሉ። ሃያሲው ኬኔት ታይናን ከወንበሩ ሆኖ «የምትጠብቁን እናንተ ናችሁ ወይስ እኛ ነን የምንጠብቃችሁ?» አለ ይባላል።

አቋም የለውም ብለው የወቀሱት ነበሩ። እኔን ወቀሳው አላሳመነኝም። አንድ ደራሲ ብቻውን ቢጽፈው ስብከት ይሆን ነበር፤ ብዙ እጅ የገባበት በመሆኑ የአገሪቱን ግራ መጋባት ሳይሸፍን አሳየ።

ጃክሰን ኋላ የፓርላማ አባል ሆነች። በ2003 ብሪታንያ ወደ ኢራቅ ስትዘምት፣ የገዛ ፓርቲዋ መንግሥት የገባበትን ጦርነት ተቃወመች።