ካምሻፍት (የአሮጌ ፒክአፕ)

የሞተር ቫልቮች መቼና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚከፈቱ የሚወስን፣ እብጠቶች ያሉት ዘንግ ነው። ኮሎው (ክራንክሻፍቱ) ሁለት ጊዜ ሲዞር እሱ አንድ ጊዜ ይዞራል። ሐረር ላይ ነገሩ ከፔዦ 404 ጋር ይነሣል፤ በ1960 እ.ኤ.አ. የወጣችው ይህች መኪና የከተማዋ ታክሲ ሆና ዘመን ተሻግራለች፤ ፒክአፕም ነበራት። ባለ 1618 ሲሲ ሞተሯ ካምሻፍቱን በብሎኩ ውስጥ ይዞ ቫልቮቹን በረጃጅም ዘንጎች ይገፋል።

የካምሻፍቱን ምርጫ የሚወስነው የመኪናዋ ሥራ ነው። ከሐረር ግንብ ከጁገል አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ ከሆነው ሸዋ በር (በሐረሪኛ አስማዲን በሪ) ደጅ ጭና የምትነሣ መኪና መጎተት እንጂ መፈትለክ አይጠበቅባትም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ የሳሳው አየር ራሱ ከሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል። ቫልቭን ረጅም ጊዜ ከፍቶ የሚያቆይ የእሽቅድምድም ካምሻፍት ኃይሉን የሚሰጠው በከፍተኛ ዙር ስለሆነ፣ ዳገት ላይ ባለቤቱን ያስለቅሳል። የፋብሪካው ልክ ይሻላል። ካምሻፍቱ ሲቀየር ገፊዎቹም (ታፔቶቹ) አብረው ይቀየሩ፤ ያለቀ ገፊ አዲሱን እብጠት ቶሎ ይበላዋል።