አምስት ዋት ከጅማ

በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ በጅማ መርካቶ፣ ከቡና መጋዘኖቹ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ነበረ። ከትምህርት ቤት ስለቀቅ እዚያ እሄድና ስታኞ አቀልጣለሁ፣ የወደቀ ብሎን ከመሬት እለቅማለሁ። ደመወዝ አልነበረኝም፤ ደመወዜ ማየት ነበር። ማታ ማታ፣ ደንበኛው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ እኔ ጋሼ የምለው ባለሙያ አንድ ጨዋታ ነበረው። አንዱን የአጭር ሞገድ ሬዲዮ 7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ላይ ያቆመዋል። የሚወጣው ድምፅ የሰው ድምፅ ነው እንዳይባል የዳክዬ መንጋ ይመስላል። ቀጥሎ ሁለተኛ ሬዲዮ ያመጣና ክዳኑን ከፍቶ ከመጀመሪያው ጎን ያስጠጋዋል፤ ቁልፉንም በዝግታ፣ እጅግ በዝግታ ያዞራል። ድንገት ዳክዬዎቹ ሰው ይሆናሉ። «ሰማሁህ፣ ቀጥል» ይላል አንዱ። ሌላው ከሩቅ ይመልስለታል። መድኃኒቱ አልደረሰም፤ መኪናው ጭቃ ይዞታል፤ አውሮፕላኑ ሐሙስ ይመጣል።

ነገሩ አስማት አይደለም። በመገናኛ ሬዲዮ የሚነጋገሩ ሰዎች ኃይል ለመቆጠብ ሲሉ ድምፁን የሚሸከመውን ሞገድ ያስቀሩታል፤ የሚልኩት ድምፁን ብቻ፣ ያውም ግማሽ ጎኑን ነው። ተራው የቤት ሬዲዮ ደግሞ ተሸካሚው ሞገድ ከሌለ ቃሉን ሊፈታው አይችልም። ይሁን እንጂ የቤት ሬዲዮ ሁሉ ለራሱ ሥራ ሲል በሆዱ ውስጥ አንድ ደካማ ሞገድ ያመነጫል። ይህ ሞገድ አብዛኛውን ጊዜ መርፌው ከሚያሳየው ቁጥር በ455 ኪሎኸርዝ ከፍ ይላል። ስለዚህ ሁለተኛው ሬዲዮ 6.6 ሜጋኸርዝ አጠገብ ሲቆም ከሆዱ የሚያመልጠው ሞገድ 7.05 አካባቢ ላይ ይወድቅና የጎደለውን ተሸካሚ ይተካል። ያን ጊዜ ልብ ያላልኩት ነገር ቢኖር ሁለተኛው ሬዲዮ ማስተላለፊያ ሆኖ ማገልገሉን ነው። ኃይሉ ከጠረጴዛው ባያልፍም ከጅማ መርካቶ በየማታው ሞገድ ይላክ ነበር!

አንድ ቀን «ጋሼ፣ እኛስ ለምን አንመልስላቸውም?» አልኩት። መጀመሪያ ሬዲዮውን አጠፋ። ከዚያ በሩን አየ። «መስማት ሌላ ነው፤ መናገር ሌላ ነው» አለኝ።

ይህን ቃል ፖለቲካ አድርጌ የተረዳሁት ኋላ ነው። ያን ጊዜ የመሰለኝ ለመናገር ትልቅ መሣሪያ፣ ትልቅ ግንብ፣ ትልቅ ገንዘብ ያስፈልጋል ማለቱ ነበር። ሲያስተውሉት ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው።

የአጭር ሞገድን ጥቅም በተግባር ካሳዩት ዋነኞቹ ለጨዋታ የተሰበሰቡ ሰዎች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1912 የአሜሪካ መንግሥት ረጅሙን ሞገድ ለባሕር ኃይልና ለኩባንያዎች ካደላደለ በኋላ አማተሮቹን ከ200 ሜትር በታች ወዳለው ሞገድ ገፋቸው። ይህ ክፍል ለሩቅ መንገድ የማይረባ ነው ተብሎ የተናቀ ነበር። በ1921 ታኅሣሥ ከአሜሪካ የተላከ የአማተሮች ምልክት ስኮትላንድ ውስጥ ተሰማ። በኅዳር 1923 ደግሞ ፈረንሳዊው ሌዎን ደሎይ ከኒስ፣ ፍሬድ ሽኔልና ጆን ራይናርትስ ከአሜሪካ ሆነው 110 ሜትር ገደማ በሆነ ሞገድ አትላንቲክን ተሻግረው ተነጋገሩ። ከዚያ ወዲያ የተናቀው መሬት ወርቅ ሆነና መንግሥታትና ኩባንያዎች ተጣደፉበት። ለአማተሮቹም ቀጫጭን ቁራሽ ተተወላቸው፤ ከእነዚህም አንዱ ጋሼ ዳክዬ የሚያጠምድበት የ7 ሜጋኸርዝ ሠፈር ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ሬዲዮ የገባው በሌላ በር ነው። ኢትዮጵያ በ1924 የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አባል ሆነች። በመስከረም 1928፣ ጦርነቱ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአቃቂው ጣቢያ ለዓለም ተናገሩ። በጦርነቱም ጊዜ ጣሊያኖች የኢትዮጵያን ጦር የሬዲዮ መልእክቶች እየጠለፉ ያነቡ ነበር። እንግዲህ አገሪቱ ስለ ሬዲዮ የተማረችው የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው፤ በአየር ላይ የተናገርኸውን ጠላትህም ይሰማዋል። በኔ ግምት የኢትዮጵያ መንግሥታት፣ ዘውዱም ደርጉም ኋላም የመጣው፣ ከዚህ ትምህርት ጨርሰው አልወጡም። ጅማ በጣሊያን ዘመን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ ሆና እስከ ሰኔ 14 ቀን 1933 ስትቆይም መገናኛው የገዥው ሠራዊት ነበር። ከነጻነት በኋላ፣ በ1938፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአገር ውስጥ በረራ ከጀመረባቸው መዳረሻዎች አንዷ ጅማ ሆነች። ሰማይ ለሚያቋርጥ አብራሪ ሬዲዮ የግድ ነውና መገናኛው ከወታደር እጅ ወደ አየር ማረፊያ ገባ። በ1945 ደግሞ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቁሞ ሽቦውንም አየሩንም ጠቅልሎ ያዘ።

አማተሮች በአገሪቱ ጭራሽ አልነበሩም ማለቴ አይደለም። ነበሩ፤ ብዙዎቹ ግን እንግዶች ነበሩ፤ በተለይም አስመራ ቃኘው ሻለቃ የነበሩት አሜሪካውያን። የጥሪ ስማቸው ኢትዮጵያ ውስጥ በኢቲ 3፣ ኤርትራ ውስጥ በኢቲ 2 ይጀምር ነበር። ይህች ቁጥር የምታሳየው አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በዓለም ዙሪያ ያሉ አማተሮች ስንት አገር እንዳነጋገሩ የሚቆጥሩበት ዝርዝር አላቸው። በዚያ ዝርዝር ኤርትራ ራሷን ችላ እስከ ኅዳር 5 ቀን 1955 ትቆጠራለች፤ ከዚያ ትጠፋለች፤ ከግንቦት 16 ቀን 1983 ጀምሮ እንደገና ትመጣለች። የመጀመሪያው ቀን ፌዴሬሽኑ የፈረሰበት፣ ሁለተኛው አስመራ በሻዕቢያ እጅ የገባችበት ነው። እኛ ስንሞትበትና ስንጋደልበት የኖርነው ጉዳይ አንድ የአሜሪካ ጡረተኛ ከግድግዳው ላይ በሰቀለው ሰንጠረዥ ውስጥ ሁለት ቀን ሆኖ ተቀምጧል። ኢቲ 3 እስከ ዛሬ ከኛ ጋር አለች፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ አምስት ኪሎ፣ ተማሪዎች የሚሠሩበት የአማተር ማኅበሩ ጣቢያ የጥሪ ስሙ ኢቲ 3 ኤ ኤ ነው።

አሁን ወደ ጋሼ ሱቅ ልመለስ። በአማተሮች ዘንድ ዝቅተኛ ኃይል የሚባለው በሞርስ 5 ዋት ነው። 5 ዋት ምን ያህል ነው? የአንድ መኪና የፓርኪንግ አምፖል ነው። ስምንት የባትሪ ድንጋይ ተደርድሮ የሚሰጠው 12 ቮልት ይበቃዋል። በአንጻሩ አዲስ አበባ ላይ በ1955 ሥራ የጀመረው፣ በመጋቢት 1969 ደርግ የወረሰው የብሥራተ ወንጌል ጣቢያ ማስተላለፊያዎች እያንዳንዳቸው 100 ሺህ ዋት ነበሩ፤ ሃያ ሺህ እጥፍ መሆኑ ነው። ለሙዚቃና ለስብከት፣ በተራ ሬዲዮ ለሚያዳምጥ ሕዝብ፣ ያ ሁሉ ኃይል ያስፈልጋል። ሁለት ሰዎች «ደህና ነህ ወይ፤ ዋጋው ስንት ነው» ለመባባል ግን አያስፈልጋቸውም።

ከጅማ አዲስ አበባ በአየር 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመካከሉ የጊቤ ሸለቆና ተራራው ስላለ ሞገዱ ምድር ለምድር አይሄድም። ነገር ግን ወደ ላይ፣ ቀጥ ብሎ ለማለት በሚያስደፍር ማዕዘን ቢወረወር፣ 300 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለው በፀሐይ የተሞላ የአየር ንብርብር መልሶ ያወርደዋል፤ ሲወርድም ጅማንም አጋሮንም ቦንጋንም አዲስ አበባንም በአንድ ጊዜ ያዳርሳል። በኛ ሰማይ ቀን 7 ሜጋኸርዝ፣ ማታ 3.5 ሜጋኸርዝ ለዚህ ይመቻሉ። የሚገርመው ደግሞ ግንብ አለማስፈለጉ ነው። 20 ሜትር የመዳብ ሽቦ መሐሉ ላይ ተቆርጦ፣ በሁለት ዋንዛ መካከል ከጎጆ ብዙ ከፍ ሳይል ቢወጠር ይበቃል፤ ወደ ላይ እንዲረጭ ከተፈለገ እንዲያውም ዝቅ ማለቱ ይሻላል። ክፉ ጠላቱ የጅማ ክረምት ነው፤ መብረቁ ጆሮ ያደነቁራል።

መሣሪያውስ? እ.ኤ.አ. በ1976 ዳግ ደማው የተባለ አሜሪካዊ አማተር ሁለት ትራንዚስተር ያለበት ማስተላለፊያ በቱና ዓሣ ቆርቆሮ ላይ ሠርቶ አሳተመ። ኃይሉ ግማሽ ዋት እንኳ አይሞላም፤ ብዙዎች ግን ሠርተው በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተነጋገሩበት። የዚህ ዓይነቱ መሣሪያ ልብ ክሪስታል ነው፤ በቀጭኑ የተቆረጠ የኳርትዝ ድንጋይ። ድንጋዩ ሲሳሳ የሚርገበገብበት ቁጥር ከፍ ይላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ክሪስታሎችን የገዙ አማተሮች በመስተዋት ላይ በማለስለሻ ዱቄት እየፈጩ ወደሚፈልጉት ቁጥር ያወጧቸው ነበር። ሲያልፍባቸው ደግሞ የእርሳስ ጭረት ቀብተው መለስ ያደርጉታል። ለመንደር ጠጋኝ ከዚህ የሚቀል ሥራ የለም።

ጋሼ ይህን ያውቅ ነበር። ከየት እንዳነበበው አልነገረኝም። ከደርግ መውደቅ በኋላ ባለቀለም ቴሌቪዥኖች ለጥገና መምጣት ሲጀምሩ፣ ከአንዱ ሙት ቴሌቪዥን ክሪስታል ፈትቶ በክብሪት ቀፎ አስቀመጠ። አሜሪካኖቹ ከአሮጌ ቴሌቪዥን የሚነቅሉት ክሪስታል 3.58 ሜጋኸርዝ ስለሆነ ልክ በአማተሮች ሠፈር ላይ ይወድቃል፤ በነጻ የተገኘ ማለት ነው። የኛ ቴሌቪዥን ግን የአውሮፓውን ሥርዓት ስለተከተለ ክሪስታሉ 4.43 ነው፤ ከአማተር ክልል ውጪ። ከ4.43 ወደ 3.58 በእርሳስ ጭረት አይወርድም። ጋሼም ጠመዝማዛውን ሽቦ ጠቅልሎ፣ ትራንዚስተሮቹን በይዶ፣ በክሪስታሉ ምክንያት ቆመ። ወይም ክሪስታሉን ምክንያት አደረገው።

ምክንያት ቢፈልግ አልፈርድበትም። ሕጉ ለዘመናት ሲከለክል ኖሮ በ2004 በወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ላይ ደግሞ ቅጣቱ በቁጥር ተጻፈ። ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ያመረተ ወይም የገጣጠመ ከ10 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ100 ሺህ እስከ 150 ሺህ ብር መቀጮ፤ ይዞ የተገኘ ወይም የተጠቀመ ከ1 እስከ 4 ዓመት። አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች ያሰቡት ዓለም አቀፍ ጥሪ የሚሰርቁትን እንጂ የቱና ቆርቆሮ አልነበረም ይሆናል። የተጻፈው ቃል ግን «መገጣጠም» ነው፤ ሁለት ትራንዚስተርም መገጣጠም ነው። በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1148 የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቁሞ አየሩን የማደላደልና ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን ለእርሱ ተሰጠ።

አንባቢ «ቢናገሩስ ኖሮ ምን ሊሉ ነው?» ይል ይሆናል። ስለ ቡና ዋጋ ይሉ ነበር። በሐምሌ 1967 የብራዚልን ፓራና ውርጭ መታውና ዛፉ ሁሉ ጠቆረ። ዋጋው እየወጣ እየወጣ ሄዶ በሚያዝያ 1969 ኒውዮርክ ላይ ፓውንዱ ከ3 ዶላር በላይ ሆነ። ጌራ ወይም ሊሙ ጀንፈሉን አስጥቶ የተቀመጠ ገበሬ ይህን ከማን ይሰማል? ከሰብሳቢው። ሰብሳቢው ከአቅራቢው፣ አቅራቢው ከላኪው። እያንዳንዱ የሰማውን ከፍሎ ለራሱ አስቀርቶ ቀሪውን ያወርዳል፤ ፈረሱላውም 17 ኪሎ መሆኑ ብቻ እንጂ ሌላው ሁሉ ይለዋወጣል። እርግጥ ነው፣ የአማተር ሬዲዮ ሕግ በየትም አገር ንግድ ይከለክላል፤ በጥሪ ስም ቡና መሸጥ አይቻልም። ነገር ግን አጋሮ ውስጥ አንድ የትምህርት ቤት ክበብ፣ አዲስ አበባ አንድ ሌላ ክበብ ቢኖሩ ወሬ ድንበር አያውቅም። የአዲስ አበባ ዋጋ በቶሎ ወደ ወረዳ እንዲደርስ ታስቦ የተሠራው የምርት ገበያ በ2000 እስኪመጣና የዋጋ ሰሌዳዎቹ እስኪሰቀሉ ድረስ ገበሬው የገዢውን ቃል ሲያምን ኖሯል። ከሰሌዳው በላይ ደግሞ ተንቀሳቃሽ ስልክ ሠራ። ዛሬ በየወረዳው የሚነገረው ዋጋ በኪስ ውስጥ ነው።

ጆሯችንስ? ጆሯችን ሁልጊዜ ክፍት ነበር። የጀርመን ድምፅ ከ1957 ጀምሮ፣ የአሜሪካ ድምፅ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በአማርኛ ሲናገሩ ጅማ ታዳምጥ ነበር። ጋሼም የብዙ ሰው ሬዲዮ የጠገነው ለዚያ ነው። «ጣቢያው ይንሸራተትብኛል» ብሎ የሚመጣ ደንበኛ የትኛው ጣቢያ እንደሆነ አይናገርም፤ ጋሼም አይጠይቅም፤ መርፌው የቆመበትን አይቶ ያውቃል።

ሱቁ አሁን የስልክ መጠገኛ ነው። ጋሼ ካረፈ በኋላ ዕቃው በኪሎ ሲሸጥ አንዲት የክብሪት ቀፎ ወደ እኔ መጣች። ክሪስታሉ ውስጧ አለ፤ ጀርባው ላይ 4.433619 ተብሎ ተቀርጿል። ከሥሩ አንድ ጎኑ በእርሳስ ጠቁሯል።