የመንጃ ፈቃድ ዕውቅና በውጭ አገር

የመንጃ ፈቃድ ዕውቅና ማለት አንድ አገር በሌላ መንግሥት የተሰጠን የአሽከርካሪነት ማስረጃ በራሱ መንገድ ላይ የሚቀበልበት፣ በራሱ ካርድ የሚለውጥበት ወይም ጨርሶ የማይቀበልበት ሥርዓት ነው። ባለቤቱ መንጃ ፈቃዱን እንደ ግል ንብረቱ ያየዋል፤ በሕግ ዓይን ግን መንግሥት የገባለት ዋስትና ነው፤ ከድንበር ውጭ የሚጸናውም ሌላው መንግሥት ዋሱን እስካመነ ድረስ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሃያ ዓመት የነዳ ሰው ፍራንክፈርት ላይ ከአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ጎን ተቀምጦ የጽሑፍ ፈተና የሚወስደው በዚህ ምክንያት ነው። ችሎታውን የተጠራጠረ የለም፤ ዋሱ ግን እዚያ አይታወቅም።

ከፓሪስ እስከ ቪየና

መኪና ድንበር መሻገር እንደ ጀመረ በየኬላው የሚነሳው ጭቅጭቅ የአውሮፓን መንግሥታት ጥቅምት 11 ቀን 1909 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ አስፈረማቸው። ያ የመጀመሪያው ስምምነት መኪናውንና ነጂውን በአንድ ሰነድ ጠቅልሎ ይዟቸው ነበር። በ1926 እ.ኤ.አ. እዚያው ፓሪስ የተፈረመው ሁለተኛው ስምምነት ሁለቱን ለየና ለአሽከርካሪው የራሱን ዓለም አቀፍ ፈቃድ ሰጠው። ከዚያ በኋላ የመጡት የ1949ኙ የጄኔቭ ስምምነትና የ1968ቱ የቪየና ስምምነት ናቸው። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው አሠራር በአብዛኛው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ቆሟል።

ሁለቱ ስምምነቶች ጎን ለጎን መኖራቸው ለተጓዥ ራስ ምታት ነው። አሜሪካና ጃፓን በጄኔቩ ብቻ ታስረዋል። ጀርመንን የመሰሉ ብዙ የአውሮፓ አገሮች የቪየናውን ይከተላሉ። ስለዚህ በቪየናው ስምምነት የተዘጋጀ ዓለም አቀፍ ፈቃድ ይዞ ቶኪዮ የወረደ ሰው መኪና ሊከራይ አይችልም፤ ጃፓን የምትቀበለው የ1949ኙን ብቻ ነው። እንደ ጀርመን፣ ፈረንሳይና ስዊዘርላንድ ላሉ ጥቂት አገሮች ፈቃድ ግን ከተፈቀደለት ተቋም በጃፓንኛ የተሠራ ትርጉም ይበቃታል። የቻይና ዋና ምድር ደግሞ ዓለም አቀፉን ፈቃድ ከነጭራሹ አይቀበልም፤ እዚያ ለመንዳት የአገሩ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ግራጫዋ ደብተር

በተለምዶ «ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ» የሚባለው ግራጫ ሽፋን ያለው ትንሽ ደብተር ነው። ስሙ ከሥራው ይበልጣል። በውስጡ ያለው የባለቤቱ ፎቶግራፍ፣ ስሙ፣ እንዲነዳ የተፈቀደለት የተሽከርካሪ ዓይነትና የዚሁ ትርጉም በተለያዩ ቋንቋዎች ነው። ለብቻው አይሠራም፤ ዋናው የአገር ቤት ፈቃድ አብሮ ካልተያዘ ፖሊስ ፊት ዋጋ የለውም። በጄኔቩ ስምምነት የሚሰጠው ለአንድ ዓመት ይጸናል። በቪየናው የሚሰጠው እስከ ሦስት ዓመት ሊደርስ ይችላል፤ ዋናው ፈቃድ ቀድሞ ካበቃ ግን አብሮት ያበቃል።

ደብተሩን የሚሰጠው ዋናውን ፈቃድ የሰጠው አገር ነው፤ መንግሥቱ ራሱ ወይም እሱ የወከለው ማኅበር። በኢንተርኔት «በሦስት ቀን የሚደርስ፣ ለአሥር ዓመት የሚያገለግል፣ ፈተና የሌለው ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ» እየተባለ በመቶ ዶላሮች የሚሸጠው ካርድ ከፕላስቲክ የዘለለ ዋጋ የለውም። እንዲያውም ይጎዳል። መንጃ ፈቃዱ የታገደበት ወይም ከነአካቴው የሌለው ሰው እሱን አምኖ ይነዳል፤ ሲያዝ ክሱ ያለ ፈቃድ መንዳት ነው፤ አደጋ ካደረሰ ደግሞ የመድን ድርጅቱ የከፈለውን ካሳ ከእሱ ሊጠይቅ ይችላል።

እንግዳና ነዋሪ

የሥርዓቱ ቁልፍ በእነዚህ ሁለት ቃላት መሐል ነው። ስምምነቶቹ የሚጠብቁት እንግዳውን ነው። የቪየናው ስምምነት አንቀጽ 41 መደበኛ መኖሪያውን ወደ ሌላ አገር ያዛወረ ሰው የያዘውን ፈቃድ ተቀባዩ አገር እንዲያውቅለት አያስገድድም። ጎብኚ ሆኖ ስድስት ወር በነጻነት የነዳ ሰው ነዋሪ ሆኖ በተመዘገበ ማግስት ሌላ ሰዓት ይቆጠርበት ይጀምራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በካርዱ ላይ ያለውን የማብቂያ ቀን እያየ ይጽናናል፤ ሕጉ ግን የሚቆጥረው ነዋሪ የሆነበትን ቀን ነው።

የጊዜው ልክ ከአገር አገር ይራራቃል። ብሪታንያ ነዋሪ ከሆኑበት ቀን ጀምሮ 12 ወር ትሰጣለች፤ ስዊድንም አንድ ዓመት። ጀርመን 6 ወር ብቻ ነው የምትታገሠው፤ ቆይታው ከአንድ ዓመት እንደማይበልጥ ላስረዳ ሰው ልታራዝምለት ትችላለች። አሜሪካ ውስጥ ጉዳዩ የፌዴራል ሳይሆን የየግዛቱ ነው። ቨርጂንያ ለአዲስ ነዋሪ 60 ቀን ስትሰጥ ካሊፎርኒያ በ10 ቀን ውስጥ እንዲያመለክት ትጠይቃለች።

ቅያሬ

ቅያሬ ማለት የቆየውን ፈቃድ አስረክቦ ያለ ፈተና ወይም በከፊል ፈተና አዲሱን መቀበል ነው። ለዚህ ዕድል የሚበቁት ተቀባዩ አገር በስም የዘረዘራቸው አገሮች ፈቃዶች ናቸው። ዝርዝሩ የሥልጠና ደረጃን ብቻ የሚያይ ይመስላል፤ ወዳጅነትና የመልስ ውለታም ግን አሉበት፤ «የእኔን ከተቀበልክ የአንተን እቀበላለሁ» ነው ነገሩ። ብሪታንያ የጃፓንን፣ የደቡብ አፍሪካንና የዚምባብዌን ፈቃድ ትለውጣለች፤ የኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። በጀርመን የመንጃ ፈቃድ ደንብ ተቀጽላ 11 ዝርዝር ላይም ኢትዮጵያ የለችም።

በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ደግሞ አንድ ረቂቅ ወጥመድ አለ። የኅብረቱ አገሮች አንዳቸው የሰጡትን ፈቃድ ሌላቸው ይቀበላሉ። ከኅብረቱ ውጭ ያለ ፈቃድ ተለውጦ የተገኘ ካርድ ግን በጀርባው ኮድ 70 ይታተምበታል፤ ከየት እንደመጣም ይጻፍበታል። ባለቤቱ ኋላ ወደ ሌላ የኅብረቱ አገር ቤቱን ቢያዛውር ያ አገር ካርዱን አልቀበልም ለማለት መብት አለው። በፈተና የተገኘ ካርድ ይህ ምልክት የለበትም። አንዱ አገር በቅያሬ ስለ ሰጠ ብቻ መላው አውሮፓ ተከፈተ ማለት አይደለም።

ስዊዘርላንድ ከዝርዝር ውጭ ላሉት አገሮች የቁጥጥር መንዳት የሚባል ፈተና አላት። ከባለሙያ ጋር አንድ ጊዜ ይነዳል፤ ከወደቁ መድገም የለም፤ እንደ ጀማሪ ከሥር መጀመር ነው። ጃፓን ለረጅም ጊዜ 10 ጥያቄ ብቻ ትጠይቅ ነበር፤ በሆቴል አድራሻ የሚያመለክቱ ቱሪስቶች ሳይቀሩ ካርዷን ይወስዱ ነበር። ከጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥያቄዎቹ 50 ሆኑ፤ የነዋሪነት ማስረጃም ግዴታ ሆነ።

ፈቃድ ፍለጋ ድንበር የሚሻገሩ ሰዎች አውሮፓንም አስቸግረዋል። ጠጥተው በመንዳት ፈቃዳቸውን የተነጠቁ ጀርመናውያን ወደ ጎረቤት አገር ሄደው አዲስ ያወጡ ነበር። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2004 እ.ኤ.አ. በካፐር ጉዳይ የእግድ ጊዜው ካለፈ በኋላ በሌላ አባል አገር የተሰጠን ፈቃድ ጀርመን መቀበል አለባት ብሎ ወሰነ፤ ጀርመኖች ተቆጡ። የኅብረቱ መመሪያ 2006/126 ይህን ቀዳዳ ለማጥበብ አባል አገሮች በሌላው የተነጠቀበትን ሰው እንዳያስተናግዱ ከለከለ። ፈቃድ የሚወጣው መደበኛ መኖሪያ ባለበት አገር እንደሆነም አጸና፤ መለኪያው በዓመት ቢያንስ 185 ቀን መኖር ነው። ይኸው የመኖሪያ መመዘኛ ለኢትዮጵያዊም ይሠራል። ጀርመን ነዋሪ ሆኖ ሳለ ለእረፍት አገር ቤት ገብቶ ያወጣው ፈቃድ ጀርመን ውስጥ አይቆጠርለትም።

ጀርመን ውስጥ

ከተቀጽላ 11 ውጭ ካለ አገር የመጣ አሽከርካሪ የጽሑፉንም የተግባሩንም ፈተና ይወስዳል፤ የዓይን ምርመራና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠናም ይጠየቃል። አንድ ቅናሽ አለው፤ ለጀማሪ የተደነገገው የግዴታ ትምህርት ሰዓት አይመለከተውም። ሆኖም ፈተናው የሚሰጠው በማሰልጠኛ መኪና፣ አሰልጣኝ አብሮ ተቀምጦ ስለሆነ ከማሰልጠኛ ቤት ማምለጥ አይቻልም። አሰልጣኙም «ይችላል» ብሎ ካላመነ አያቀርበውም። በጽሑፉ 30 ጥያቄ ይቀርባል። ከ10 የስህተት ነጥብ በላይ ያስመዘገበ ይወድቃል፤ ሁለት ባለ 5 ነጥብ ጥያቄ የሳተም ድምሩ 10 ቢሆንም ወድቋል። የተግባሩ ፈተና 55 ደቂቃ ይወስዳል።

ልምድ ያለውን ሰው የሚጥለው ብዙ ጊዜ ልምዱ ነው። ከቀኝ ለሚመጣ ቅድሚያ መስጠት፣ ከመታጠፍ በፊት አንገት አዙሮ ብስክሌተኛን መፈለግ፣ በጠባብ የመኖሪያ ሰፈር በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር መጎተት፤ እነዚህን እጅና ዓይን የለመዱትን ጥሎ እንደገና መማር ይጠይቃል። በአውቶማቲክ ማርሽ የተፈተነ ሰው በካርዱ ላይ ኮድ 78 ሊታተምበት ይችላል፤ ያኔ ማንዋል መኪና መንዳት አይፈቀድለትም። ፍሪሲዮን ረግጦ ያደገ ኢትዮጵያዊ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። የስድስት ወሩ ጊዜ ካለፈ በኋላ በቆየው ፈቃድ መንዳት ያለ ፈቃድ እንደመንዳት ተቆጥሮ በገንዘብ ወይም እስከ አንድ ዓመት በሚደርስ እሥራት ያስቀጣል።

የፈተናው ቋንቋ

ለብዙ ስደተኛ ከመሪውና ከፍሬኑ ይልቅ የሚከብደው ጥያቄው የተጻፈበት ቋንቋ ነው። ጀርመን ከራሷ ቋንቋ ሌላ በ12 ቋንቋዎች ትፈትናለች፤ ዓረብኛ በ2016 እ.ኤ.አ. ተጨምሯል፤ አማርኛም ትግርኛም የሉበትም። በዚህ በኩል ዋሽንግተን ዲሲ ትለያለች። የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕጓ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ብዙ ተናጋሪ ባላቸው ቋንቋዎች አገልግሎት እንዲሰጡ አዘዘ፤ አማርኛ ከእነዚህ አንዱ ስለሆነ የጽሑፍ ፈተናውን በአማርኛ መውሰድ ይቻላል። ጥያቄዎቹ 25 ናቸው፤ ለማለፍ 20 መመለስ ያስፈልጋል። ቨርጂንያም በአማርኛ ትፈትናለች።

በእስራኤል የቴዎሪያ ፈተና በአማርኛ ይሰጣል፤ ከ30 ጥያቄ 26 የመለሰ ያልፋል። አዲስ ገቢ ከመግቢያው ጀምሮ ለአንድ ዓመት በውጭ ፈቃዱ መንዳት ይችላል። ለመለወጥ ሲቀርብ ቢያንስ 5 ዓመት የቆየ ፈቃድ ያለው ከመንዳት ፈተና ነጻ ነው።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች

የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የምትለውጠው በስም የዘረዘረቻቸውን አገሮች ፈቃድ ነው። ኢትዮጵያዊ አሽከርካሪ ማሰልጠኛ ቤት ይመዘገባል፤ ዱባይ ላይ የቆየ ፈቃድ ማሳየቱ የሚያተርፍለት የሥልጠና ሰዓቱን መቀነስ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ እስከ ሰኔ 24 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ድረስ የሴት መንጃ ፈቃድ ከየትም ይምጣ ከየት ዋጋ አልነበረውም፤ በዚያ ቀን ሴቶች መንዳት ተፈቀደላቸው።

የኢትዮጵያ ፈቃድ

በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 የሚሰጠው የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ ሞተር ሳይክል፣ አውቶሞቢል፣ ሕዝብ፣ ደረቅ ጭነት፣ ፈሳሽ ጭነት እያለ ይመድባል፤ ሰው ግን ዛሬም በአሮጌው ቁጥር «ሦስተኛ አለኝ»፣ «አምስተኛ አወጣሁ» ይላል። ዓለም አቀፉ አመዳደብ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ነው፤ ቢ እስከ 3500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪናን ይመለከታል። አንድ ለአንድ ስለማይገጥሙ ቦቴ ሲነዳ የኖረ ሰው ይጎዳል። አውሮፓ ውስጥ ፈሳሽ ጭነት የሚባል የመንጃ ምድብ የለም። የከባድ መኪና ፈቃድ ለብቻው፣ ነዳጅና ሌላ አደገኛ ዕቃ ለመጫን በ1957ቱ የአውሮፓ ስምምነት የሚጠየቀው ምስክር ወረቀት ለብቻው፣ ለሙያው ደግሞ በየ5 ዓመቱ በ35 ሰዓት ሥልጠና የሚታደሰው ኮድ 95 ለብቻው ይወጣሉ።

ሌላው ጣጣ የቀን አቆጣጠሩ ነው። በካርዱ ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት የኢትዮጵያ ብቻ ከሆነ የውጭ አገር ጸሐፊ ዛሬ የሚሠራውን ፈቃድ ከሰባትና ከስምንት ዓመት በፊት ያበቃ አድርጎ ያነበዋል። ከፓስፖርቱ ጋር በአንድ ፊደል የሚለያይ ስምም እንዲሁ ፋይል ያስመልሳል። ተርጓሚው ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲመልስ ሁለቱንም ጎን ለጎን ቢጽፍ ክርክሩ ይቀራል።

ፈቃዱ የተሰጠበትን ቀንና ምድብ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከሰጪው የትራንስፖርት ቢሮ ወጥቶ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ሲመታበት ተቀባዩ መሥሪያ ቤት የሚያምነው ሰነድ ይሆናል። ደብዳቤውን ከአውሮፕላን በፊት ራስዎ ተሰልፈው ያውጡት፤ ኋላ በወንድም ወይም በእህት እጅ በውክልና ማስወጣት ወራት ይፈጃል፤ እንደ ጀርመን ያለው አገር የስድስት ወር ሰዓት ግን አይጠብቅም።