ወረራ ላይ ተራ የለም

ሰበታ ላይ ከሰዓት በኋላ ሱቅ በረንዳ ሥር ዳማ ሲጫወቱ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። በቆርኪ የሚጫወቱት ሁለት፣ የሚጫወቱላቸው አሥራ ሁለት። "ብላው እንጂ!" "ኧረ ተበላህ!" ቡራዩም ያው ነው፤ ሱሉልታም ብርዱ ካልከለከለ ያው ነው። (ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሦስቱም ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል፤ ጩኸቱ ግን አልተጠቃለለም።) እኛም ጨዋታ የተማርነው ከዚሁ ጩኸት ነው። ለዚህ ነው የካስፓሮቭንና የዲፕ ብሉን ታሪክ ባነበብን ቁጥር ከሁሉ በፊት የሚገርመን ጸጥታው።

ታሪኩን ባጭሩ እናውጋ። የካቲት 2 ቀን 1988 ዓ.ም. ፊላዴልፊያ ላይ የአይ.ቢ.ኤም. ማሽን የዓለም ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን በመጀመሪያው ጨዋታ ረታው። ካስፓሮቭ አገግሞ ውድድሩን 4 ለ 2 አሸነፈ። በዓመቱ ኒውዮርክ ላይ የጠበቀው ግን በሴኮንድ 200 ሚሊዮን አሰላለፍ የሚመረምር የተሻሻለ ማሽን ነበር። ግንቦት 3 ቀን 1989 ዓ.ም. ስድስተኛው ጨዋታ በ19 እርምጃ ብቻ አለቀ። ውጤቱ ለማሽኑ 3½ ለ 2½ ሆነ።

ካስፓሮቭን የሰበረው ግን ሁለተኛው ጨዋታ ይመስለናል። ማሽኑ በነፃ የቀረበለትን ትቶ ሰው ሰው የሚሸት እርምጃ ሄደ። ካስፓሮቭ እጁን ሰጠ። በማግስቱ እኩል ሊወጣ ይችል እንደነበር ሲነገረው ደግሞ ሌላ ጭንቀት ያዘው፤ ከማሽኑ ጀርባ የሚመክር ሰው አለ ብሎ ጠረጠረ። አይ.ቢ.ኤም. አስተባበለ። የማሽኑን መዝገብ ቆይቶ ይፋ አደረገ፤ የመልስ ግጥሚያ ግን አልሰጠም። እኛ ጥርጣሬውን አናምንበትም። ሆኖም ምክርን እንደ ወንጀል ማየቱ ለሰበታ ልጅ እንግዳ ነው።

ለሰበታ ልጅ ብቻም አይደለም። በ1805 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ሕንጣሎ ላይ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል። (ሰንጠረዥ ዛሬ ለእኛ ኮምፒዩተር ላይ ቁጥር የምንሞላበት ሣጥን ሆኗል። ያኔ ቼዝ ነበር።) ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ሸካራ ነበሩ። የተበላውን ከቦታው በኃይል መትተው ያነሡታል። ዙሪያውን የቆመ ሁሉ፣ ባሪያው ሳይቀር፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመክራል። በመጨረሻ ግን በብልሃት ራስ እንዲያሸንፉ ይደረጋል። ይህን ብልሃት ዲፕ ብሉ ውስጥ የጻፈ ፕሮግራመር አልነበረም።

የእኛው ሰንጠረዥ ሌላም ጉድ ነበረው። አጀማመሩ "ወረራ" ይባላል። እስከ መጀመሪያው መብላት ድረስ ተራ የለም። ሁለቱም እንደፈለጉ፣ በፈለጉት ፍጥነት፣ እኩል ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ አሰላለፉን ይለውጣል። አጨራረሱም የራሱ ወግ አለው። በፈረስ ወይም በደር ማት ማድረግ ብዙም አያስመሰግንም። ጭብጨባው በደካሞቹ፣ በፊል ወይም በመደቅ ለጨረሰ ነው። ማሽኑ ግን ማትን ከማት አይለይም። እቴጌ ጣይቱም ይህን ጨዋታ ይችሉ እንደነበር ይነገራል፤ የተቀመጡበት እንጦጦ ደግሞ ከሱሉልታ ጋር ጀርባ ለጀርባ ነው።

ክሎድ ሻነን በ1950 እ.ኤ.አ. ኮምፒዩተር ቼዝ እንዴት እንደሚጫወት ሲጽፍ፣ ነገሩ ሁሉ የቆመው "እኔ ስሄድ፣ አንተ ስትሄድ" በሚል ዛፍ ላይ ነበር። ዲፕ ብሉም የዚያው ዛፍ ልጅ ነው። ወረራ ላይ ቢቀመጥ የቱን ቅርንጫፍ ይቆጥር ነበር? ግን ራሳችንን አናታልል። በ2017 እ.ኤ.አ. አልፋዜሮ ሕጉ ብቻ ተነግሮት ቼዝን ከራሱ ጋር እየተጫወተ ተማረ። በ2019 እ.ኤ.አ. አልፋስታር ተራ በሌለበት የኮምፒዩተር ጨዋታ ከምርጦቹ ተርታ ገባ። ስለዚህ ሰንጠረዥንም ማስተማር ይቻላል።

ችግሩ ማሽኑ አይደለም። ሰንጠረዥ የተዳከመው ጣልያን አገራችንን በወረረበት ዘመን ነው። (አንዱ ወረራ ሌላውን ወረራ በላው ማለት ነው።) ስለ ሕጉ ከምናውቀው ብዙው የመጣው ከተጓዦች ማስታወሻና ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ጥናት ነው። ነገ አንዱ ጎበዝ ፕሮግራሙን ቢሠራው በኩል የሚቀመጥ ካስፓሮቭ አናገኝለትም። ምናልባት ሱሉልታ ወይም ቡራዩ አንድ አያት "ወረራ" ሲባል ፈገግ ይሉ ይሆናል። ለበዓል ወደ ቤት ስትሄዱ እስቲ ጠይቁልን።