ፊንላንድ ከኢትዮጵያ ትበልጣለች እንዴ?

ዛሬ ስለ ካርታ ነው። የቤት ካርታ ማለቴ አይደለም (አዲስ አበባ ውስጥ “ካርታ” ሲባል ሰው ሁሉ ጆሮውን የሚያቆመው ለሱ ነው)፤ ግን ቆየት ብለን እሱም ጋ እንደርሳለን። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።

በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የምናውቀውን ያን አራት ማዕዘን የዓለም ካርታ አስቡት። መጀመሪያ ፊንላንድን ፈልጉ፣ ከዚያ ኢትዮጵያን። ፊንላንድ ትበልጣለች አይደል? እውነታው ግን የፊንላንድ ስፋት 338 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የኛ 1.1 ሚሊዮን ገደማ። ሦስት ፊንላንድ ብትከቱብን ቦታ ይተርፋል። ግሪንላንድማ ካርታው ላይ አፍሪካን ታክላለች፤ በመሬት ላይ አፍሪካ 14 ጊዜ ትበልጣታለች። 30 ሚሊዮን ለ2.2 ሚሊዮን ነው እኮ!

ይህን ካርታ ያወጣው ገራርዱስ መርካቶር የሚባል ፍሌሚሽ ነው፣ በ1569። (መርካቶር በላቲን “ነጋዴ” ማለት ነው። የኛ መርካቶም በጣልያንኛ በኩል ይምጣ እንጂ ሥሩ ያው ነው።) ሰውየው የሠራው ለመርከበኞች ነበር። መርከበኛው ከመነሻው እስከ መድረሻው በማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራል፣ ኮምፓሱን በዚያው አቅጣጫ ይዞ ይሄዳል፣ ይደርሳል። ለዚህ እንዲመች ማዕዘን ሳይዛባ መቅረት ነበረበት። ክብ ነገር ደግሞ ሳይለጠጥ ጠፍጣፋ አይሆንም፤ የብርቱካን ልጣጭ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ሞክሩት። ስለዚህ መርካቶር ማዕዘኑን ጠብቆ ስፋቱን ሠዋ።

የተሠዋው ግን እኩል አይደለም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ እዚህ አካባቢ ስፋት የሚጋነነው በ2 ከመቶ ተኩል ገደማ ነው። 60 ዲግሪ ላይ ስትደርሱ፣ ፊንላንድ የምትጀምርበት አካባቢ ማለት ነው፣ 4 እጥፍ ይሆናል። 70 ዲግሪ ላይ ከ8 እጥፍ ያልፋል። ልብ በሉ፣ እኛ አልተቀነስንም። እኛ ባለንበት ቆመን ሌላው ነው ያበጠው።

“ፈረንጆች ሆን ብለው አሳነሱን” የሚል ነገር በየጊዜው ሲዞር አያለሁ። እኔ አልቀበለውም። መርካቶር የመርከብ ችግር ነው የፈታው። ጥፋቱ የባሕር መሣሪያውን አምጥቶ ክፍል ውስጥ የሰቀለው ጋ ነው። ደግሞ በቦታው ሲሆን እስከ ዛሬ ይጠቅማል፤ ከመገናኛ ወደ አያት ስትሄዱ ስልካችሁ ላይ የምታዩት የመንገድ ካርታ አብዛኛውን ጊዜ የሱ ዘር ነው። የቤት ካርታውም ያው! ፕላኑ ላይ የኤክስና የዋይ ቁጥሮች ካሉ ዩቲኤም በሚባለው ሥርዓት የተለኩ ናቸው፤ ዩቲኤም ደግሞ የመርካቶር ሐሳብ በጎኑ ተጋድሞ ነው። አዲስ አበባ 37ኛው ዞን ውስጥ ናት። እንዲህ ባለች ጠባብ ቦታ ላይ ልጠጣው ከምንም አይቆጠርም።

ይልቅ የሚገርመኝ፣ በዚያው ዘመን ፈረንጆች ኢትዮጵያን ያሳዩ የነበረው አግዝፈው መሆኑ ነው። ከመርካቶር 4 ዓመት በኋላ፣ በ1573፣ ወዳጁ አብርሃም ኦርቴሊየስ “የፕሬስተር ጆን መንግሥት” ብሎ የሐበሻን ካርታ አሳተመ። አገራችንን ከምድር ወገብ አሻግሮ ወደ ደቡብ ዘርግቷታል። ምክንያት ነበረው። ዓባይ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ካሉ ሐይቆች ይነሳል የሚል ከጥንት የወረደ እምነት ነበር፤ ዓባይ ከሐበሻ ይመጣል መባሉንም ሰምተዋል። ሁለቱን ለማስታረቅ አገሩን ለጠጡት። ጣና ግን 12 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነው።

ይህን ካስተካከሉት አንዱ የኛ ሰው ነው። አባ ጎርጎርዮስ ይባላሉ፣ የቤተ አምሐራ ሰው፣ የመካነ ሥላሴ። ሮም ሳሉ በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ ከሚባል ጀርመናዊ ምሁር ጋር ተዋወቁ፤ በ1652 ደግሞ ጎታ ድረስ ሄደው ግዕዝና አማርኛ፣ የአገሩን ነገርና ታሪኩን አስተማሩት። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን አንድ ቀን በእግሩ አልረገጣትም። ግን ከሳቸው የሰማውንና የፖርቱጋል ኢየሱሳውያን የተዉትን ካርታ ይዞ በ1683 የራሱን ካርታ አወጣ፤ አገሪቱ ወደ ትክክለኛ ቦታዋ ተመለሰች። አባ ጎርጎርዮስ ይህን አላዩም። በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር ውስጥ ቀሩ። ሉዶልፍን ስንት ሰው ያውቀዋል፤ እሳቸውን ግን በታሪክ ትምህርታችን ውስጥ ፈልጉና አግኟቸው እስቲ።

አሁን ጉዳዩ እዚሁ ከተማችን መጥቷል። በነሐሴ 2025 የአፍሪካ ኅብረት መርካቶርን ከመንግሥታት፣ ከዓለም አቀፍ ድርጅቶችና ከትምህርት ቤቶች ለማስወጣት የተጀመረውን ዘመቻ ደገፈ። የኮሚሽኑ ምክትል ሊቀ መንበር ሰልማ ማሊካ ሃዳዲ ካርታው አፍሪካን ዳር ያለች አስመስሏታል የሚል አስተያየት ሰጥተዋል። እዚህ ላይ እስማማለሁ። ማንም አስቦ አላደረገውም ማለት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ልጅ በየቀኑ የሚያየውን ግድግዳ ያምናል። ፊንላንድ ከኢትዮጵያ ትበልጣለች ብሎ 12ኛ ክፍል የሚጨርስ ልጅ ስለ ዓባይ፣ ስለ ድርቅ፣ አንድ መንገድ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ሲሰማ መጠኑን በምን ይገምተው?

በምትኩ የቀረበው “ኢኳል ኧርዝ” ይባላል፣ በ2018 የወጣ ነው። የአገር ስፋት ሁሉ በልኩ ነው፤ ዳር ዳር ያሉት አገሮች ቅርጻቸው ትንሽ ጋደል ይላል፣ እሱን መቻል ነው። ትልቁ የግድግዳ ካርታ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ተቀምጧል፤ አውርዶ ማተም ይቻላል፣ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። የድሮ ተማሪዎቼ፣ ከመካከላችሁ ባነር ማተም የጀመራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሜትሩ ስንት እንደሚወጣ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ መስከረም ሳይጠባ ለአንድ አራት ክፍል ማሠራት እፈልጋለሁ።